ገበያና አስተርዮ ማርያም በአንድ ቀን የዋሉ ለት፦ ያልተዘጋ የሕፃን መጥፋት ጉዳይ ጥናት

ይህ ጥናት በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል በሚወርደው የደሴ መንገድ ዳር ባለች አንዲት የገበያ ከተማ በ1979 ዓ.ም. የጠፋ የ4 ዓመት ወንድ ልጅን ፍለጋ ይመለከታል። ልጁ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሰዎቹም የከተማዋም ስም ቀርቷል፤ ቤተሰቡን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችም ተለውጠዋል። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው ፍለጋውን ያበላሸው የማንም ክፋት ስላልሆነ ነው። ያበላሸው ሁሉም ለልጁ ብሎ፣ በቅን ልቡ ያደረገው ነገር ነው።

ያን ዕለት

ቤተሰቡ ደገኛ ገበሬ ነው። ከአምባው ላይ ገብስና ባቄላ ጭኖ የ3 ሰዓት መንገድ በእግር ወርዶ፣ ከቆላ ሰው ማሽላና በርበሬ ገዝቶ ይመለሳል። ገበያው ሐሙስ ሐሙስ ይቆማል። ያን ሐሙስ አስተርዮ ማርያም ስለነበረች ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ሁሉ በቀጥታ ወደ ገበያው ፈሰሰ። ከወትሮው እጅግ የበዛ ሰው ነበር።

እናት ልጁን ከእህል ጆንያው አጠገብ ከ9 ዓመት እህቱ ጋር ትታ በርበሬ ልትገዛ ሄደች። እህት ውኃ ልትቀዳ ቅል ይዛ ተነሣች። ስትመለስ ልጁ የለም። ሰዓቱ ከቀኑ 8 እስከ 9 ባለው መካከል ነው።

ልጁ የለበሰው አቡጀዲ እጀ ጠባብ ነው፤ በትከሻው ላይ ከአሮጌ የመንዝ ባና የተቆረጠ ልብስ ጣል አድርጓል። ጫማ የለውም። ጸጉሩ ቁንጮ ነው። ማተቡ ላይ ትንሽ የነሐስ ቀለበት ታስሯል። ቀኝ ክንዱ ላይ የምድጃ ጠባሳ አለው። እንጥሉን ደግሞ በጨቅላነቱ ተቆርጧል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ወረደ። ሐሙስ ማታና አርብ ሙሉ ቀን ወንዙና ገደሉ ሲታሰስ ዋለ። ነገር ግን ወሩ ጥር ነው፤ ወንዙ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ጥልቅ የሚባሉት ሦስት ኩሬዎች በአንድ ሰዓት ታይተው ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ጅብ ዞረ። ጅብ ሕዝብ በተሰበሰበበት ገበያ መሐል በጠራራ ፀሐይ ልጅ አይወስድም፤ ከወሰደም ብዙ ጊዜ ምልክት ይተዋል። ሆኖም «ጅብ በልቶት ነው» የሚለው ቃል በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ውሳኔ ሆነ፤ ፍለጋውንም አቀዘቀዘው።

ቅርቡ ግን አልታየም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ርቆ አይሄድም፤ ሲደክመው ጥግ ፈልጎ ይተኛል፤ ስሙን እየጠሩ ሲጮሁም ፈርቶ ዝም ሊል ይችላል። በመጀመሪያው ሰዓት መታየት የነበረባቸው ድርቆሽ ክምሩ፣ የወፍጮ ቤቱ ጓሮ፣ የጆንያ መደርደሪያው ሥርና በአስፋልቱ ዳር የቆሙት የጭነት መኪናዎች ነበሩ። ስለ መኪናዎቹ ያን ቀን የጠየቀ ሰው የለም።

አባት አርብ ጠዋት በግ ይዞ ወደ መጽሐፍ ገላጭ ሄደ። «በፀሐይ መውጫ በኩል ነው» ተባለ። በዚህ ቃል ምክንያት ቅዳሜን 14 ሰው ወደ ቆላው ሲጓዝ ዋለ። ለፖሊስ የተነገረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጣቢያው ከገበያው የሚርቀው አንድ ድንጋይ ውርወራ ያህል ብቻ ነበር።

ግዝቱ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተሰቡ ልመና ቄሱ ገዘቱ፦ ያየ፣ የሰማ፣ አውቆ የደበቀ ሁሉ የተወገዘ ይሁን ተባለ። ያን ጊዜ ሁሉም ትክክል መስሎት ነበር፤ እናትም በዚህ ተጽናንታለች።

ግዝት የሚሠራው ገና ለመናገር ጊዜ ላለው ሰው ነው። ለዘገየ ሰው ግን በሩን ይዘጋበታል። ሐሙስ ያየ፣ አርብን ዝም ያለ፣ ቅዳሜን የፈራ ሰው፣ እሑድ ሲገዘት ቀድሞውኑ የደበቀ ሆኖ ተገኘ። አሁን ቢናገር መወገዙን በአደባባይ ማመኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእርግጥ ነበረ፤ የታወቀው ከ30 ዓመት በኋላ ነው።

በሳምንቱ የገበሬ ማኅበሩ ሕዝቡን ሰብስቦ አንድ በአንድ ጠየቀ። መልኩ የድሮውን አውጫጭኝ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ጥፋተኛን የሚያወጣበትን ልማድ፣ ይመስላል፤ ግን ዋናው ነገር ጎድሎታል። በአውጫጭኝ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ስሙን ሳያወጣ ለሽማግሌ ሹክ የሚል ሰው ቦታ ነበረው። በዚህ ስብሰባ ግን ሁሉም በአደባባይ ቆሞ፣ ሊቀመንበሩ እያየው ነው የሚናገረው። ሁሉም «አላየሁም» አለ።

ፍለጋው በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ግዝቱን ማስፈታት ሆነ። የቀድሞው ቄስ አርፈዋል። የደብሩ አስተዳዳሪ በአንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ግዝቱ መፈታቱንና የሚያውቅ ሰው ያለ ነቀፋ መናገር እንደሚችል አወጁ። ሁለት ወር ያህል የመጣ ሰው አልነበረም። ከዚያ አንዲት እድሜያቸው የገፋ እናት ለንስሐ አባታቸው ነገሩ።

የንስሐ ምስጢር አይወጣምና ካህኑ ትክክለኛውን መንገድ መረጡ፦ ሴትዮዋን በንስሐ የተናገሩትን ለብቻው ትተው፣ በሌላ ቀን፣ በፈቃዳቸው፣ በሁለት ሽማግሌ ፊት እንዲደግሙት መከሯቸው። ቃላቸው ይህ ነው፦ ልጁ ጥቁር ከለበሰች ሐዘንተኛ ሴት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ወደ አስፋልቱ ሲወጣ አይተዋል። አያለቅስም፤ ሸንኮራ አገዳ ይዟል። ያን ጊዜ ያልተናገሩት ከሌላ አውራጃ ያለ ይለፍ ወረቀት ለንግድ ስለመጡ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው ግዝቱን ሰሙ፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ገበያ አልተመለሱም።

የ30 ዓመት ትዝታ በቁሙ አይወሰድም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ጥያቄ እስኪጨርሱ ተደመጡ፤ የተናገሩትም ቃል በቃል ተጻፈ። ቀጥሎ መልሱ ከሌላ ወገን የሚታወቅ ጥያቄ ቀረበላቸው። «አንዲት ልጅ የተሰበረ ቅል ይዛ ስታለቅስ ነበር» አሉ። እህትየው ቅሉ ከእጇ ወድቆ መሰበሩን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ እናቷ እንዳትቆጣት ብላ ደብቃው ኖራለች። ለብቻዋ ስትጠየቅ አመነች። ይህ አንድ ነጥብ ሴትዮዋ በዚያ ሰዓት እዚያ እንደነበሩ ያሳያል። ያዩት ልጅ ይህ ልጅ መሆኑን ግን አያሳይም። ሁለቱ ተለይተው ተመዘገቡ።

ሌላ የሚያስፈራ ነገርም ነበር፤ ሕግ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ክስ የማቅረቢያ ይርጋ፣ ማለትም የጊዜ ገደቡ፣ እንደ ወንጀሉ ክብደት ይለያያል፤ ረጅሙ 25 ዓመት ነው። ይህ በጠበቃ አንደበት ሲነገር ሽማግሌዎቹ ቀለላቸው። የደም ነገር ግን በይርጋ አያልቅም። ስለዚህ ቤተሰቡ «የሚናገረውን አንከስም፣ አንበቀልም» ብሎ በሽማግሌ ፊት ቃል ገባ። ከሕጉ ይልቅ ሰውን ያናገረው ይኸኛው ነው።

የሬዲዮው ማስታወቂያ

አባት በሁለት ወሩ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ በሬዲዮ አስነገረ፤ በ1984 ዓ.ም. ደገመው። ሁለት ስሕተት ተሠራ።

አንደኛው፣ ምልክቱ ሁሉ ታወጀ፦ ጠባሳው ከነክንዱ፣ ማተቡ ከነቀለበቱ፣ እንጥሉ፣ ባናው፣ ቁንጮው። ከዚያ ወዲያ እነዚህን ምልክቶች የሚያውቅ ሰው ልጁ ሊሆንም፣ ሬዲዮ የሰማ ሰው ሊሆንም ይችላል። ምልክቱ ማስረጃነቱን አጣ። በአፋልጉኝ ማስታወቂያ ላይ ለፍለጋ የሚረዳው ብቻ ይነገራል፤ ቢያንስ ሁለት ምልክት ግን ከቤተሰብ ውጭ አይወጣም። ተጽፎ፣ ታሽጎ፣ ከሦስተኛ ወገን ዘንድ ይቀመጣል።

ሁለተኛው፣ በ1984ቱ ማስታወቂያ አባት በቃል ሲያስጽፍ ዓመቱን «1978» አለ። ያቺ አንድ ቁጥር ያደረሰችው ጉዳት ከታች ይታያል።

የማስታወቂያው ቦታም ታስቦበት አልነበረም። በኋላ በ2009 የተሻለ የሠራው በጻድቃኔ ማርያምና በሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ቦታዎች የተነገረውና የተለጠፈው ነው። እነዚህ ቦታዎች ከአገሩ ሁሉ ሰው ይሰበስባሉ፤ ቀናትና ሳምንታት ቆይቶ ስለሚጠመቅም ማስታወቂያውን ደጋግሞ ያየዋል። የመንደር ደጃፍ ላይ የተለጠፈ ወረቀት በአንጻሩ ልጁ እንደሌለ ለሚያውቁ ሰዎች የተለጠፈ ነው።

መጣሁ ያለው ሰው

በ2001 ዓ.ም. ዕድሜው 26 ገደማ የሆነ ወጣት መጣ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ በእረኝነት አድጓል፤ ያሳደጉት ሰዎች «ገበያ ላይ የተገኘህ ነህ» ብለውታል። አጭበርባሪ አልነበረም፤ እሱም ወላጁን ይፈልጋል። ስለ ጠባሳውና ስለ ቀለበቱ ከሰው ሰምቷል፤ የሰማውንና የሚያስታውሰውን መለየት ተስኖታል። ጠባሳ አለው፤ በግራ ክንዱ። ቤተሰቡ «እኛ ይሆናል የተሳሳትነው» አለ። እናት አቅፋ ተቀበለችው።

ያን ዕለት አፉን ከፍቶ በባትሪ ማየት ብቻ በቂ ጥርጣሬ ይፈጥር ነበር። እንጥል መቁረጥ በአካባቢው የተለመደ ስለሆነ፣ የተቆረጠ እንጥል «ይህ ነው» አያሰኝም፤ ሙሉ ሆኖ የተገኘ እንጥል ግን «ይህ ላይሆን ይችላል» ያሰኛል። በከፊል ብቻ የሚቆረጥበት ጊዜ ስላለ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ከ9 ዓመት በኋላ ሲታይ እንጥሉ ሙሉ ነበር።

ነገሩ የተነሣው በመሬት ነው። እናት ወጣቱን በመሬት ደብተሩ ላይ ልታስገባው ስትል የጠፋው ልጅ እህቶች ተቃወሙ። በስምምነት የዲኤንኤ ምርመራ ተደረገ። እናትና ልጅ በሚመረመረው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቢያንስ አንድ ቅጂ ይጋራሉ። በአንድ ነጥብ ልዩነት ቢታይ በዘር ለውጥ ሊመጣ ይችላል ተብሎ ይታለፋል፤ እዚህ ግን ልዩነቱ በብዙ ነጥቦች ታየ። ልጇ አይደለም።

የተበላሸው ውጤቱ አይደለም፤ የተነገረበት መንገድ ነው። ለጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም በስልክ ተነገረው፤ እሱም በእንግዳ ፊት ለእናቱ አነበበላት። ከናሙናው በፊት እናትም ወጣቱም ለየብቻ «ካልሆነስ ምን ትሆናላችሁ?» ተብለው መጠየቅ ነበረባቸው። እናት የመለሰችው ቃል ተመዝግቧል፦ «ወረቀት ወልዶ አያውቅም።» ወጣቱ ዛሬም ለፋሲካ በግ ይዞላት ይመጣል፤ የመሬቱን ነገር ግን እሱ ራሱ ተወው። ይህን እንደ ጥሩ ፍጻሜ የሚያዩት አሉ። ለፍለጋው ግን ጎጂ ነበር፤ ለ9 ዓመት ማንም ሌላ ልጅ አልፈለገም።

ቀኑን ማስተካከል

በ2009 ሦስት ዓመት ይነገር ነበር፦ ጎረቤት 1977፣ የሬዲዮው ጽሑፍ 1978፣ እህት 1979። በወረዳው ግምጃ ቤት ያለው የፖሊስ ዕለት ሁኔታ መዝገብ ቀደም ሲል በ1978 ተፈልጎ ስለታጣ «ጉዳዩ ጨርሶ አልተመዘገበም» ተብሎ ተደምድሟል።

እናት ዓመት አታውቅም፤ «ገበያውና አስተርዮ ማርያም በአንድ ቀን ዋሉ» ትላለች። ይህ ከየትኛውም ወረቀት የበለጠ ማስረጃ ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ አንድ ቀን በቀጣዩ ወር የሚውልበት ዕለት በ2 ይራመዳል። ከመስከረም እስከ ጥር 4 ወር ነው፤ 8 ዕለት። ከ1 እስከ 21 ደግሞ 20። ድምሩ 28፤ ለ7 ሲካፈል ያለ ቀሪ ይወጣል። ስለዚህ አስተርዮ ማርያም ሁልጊዜ እንቁጣጣሽ በዋለበት ዕለት ትውላለች። እንቁጣጣሽ በ1977 ማክሰኞ፣ በ1978 ረቡዕ፣ በ1979 ሐሙስ ዋለ። ገበያው የሐሙስ ነው። ጥር 21 ቀን 1979።

መዝገቡ በ1979 ሲፈለግ ከጆንያ ሥር፣ ጠርዙ አይጥ የበላው ሆኖ ተገኘ። ጥር 23፣ ቅዳሜ፣ አራት መስመር፦ የልጁ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ «ፍለጋው ቀጥሏል»። ምን ለብሶ እንደነበር፣ መጨረሻ ያየው ማን እንደሆነ፣ የትኞቹ መኪናዎች እንደቆሙ አንድም ቃል የለም። አውራጃው ሲፈርስ ብዙ ወረቀት በአዲሶቹ ዞኖች መካከል ተበትኗል፤ ይህኛው የተረፈው በአጋጣሚ ነው።

የማሳደጊያው ካርድ

ወንድሙ ከዓመታት በፊት አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ሄዶ የድሮ ካርዶች ሲያይ አንዱን አልፎታል። ቀኑ «2/2/87» ይላል። ጸሐፊዋ «ጥቅምት 2 ቀን 1987» ብላ አነበበችለት፤ ልጁ ያኔ 12 ዓመቱ ስለሚሆን አልተመለከተውም።

በሁለተኛው ዙር ካርዱ ለብቻው ሳይሆን ከነሳጥኑ ታየ። ከፊቱ ያለው ካርድ «31/1/87» ይላል። በእኛ ወር 31 የለም። ሳጥኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ማለት ነው፤ ቀኑም ጥር 25 ቀን 1979 ሆነ፤ ልጁ በጠፋ በአራተኛው ቀን። ማሳደጊያዎችና የውጭ ሰዎች የሠሩባቸው ተቋማት መዝገብ ሲነበብ ቀኑ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከጎረቤት ካርዶች ማጣራት ግድ ነው። ከ30 በላይ ቀን ወይም 13 ቁጥር ያለው ወር ከተገኘ ጉዳዩ ተቆረጠ።

ካርዱ ላይ ያለው ይህ ነው። ስም፦ ማሙሽ። የአባት ስም፦ ጋሼ። የእናት ስም፦ እታለም። ዕድሜ፦ 4 ገደማ። ያመጣው፦ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከደሴ መንገድ። ልዩ ምልክት፦ ባዶ።

«ማሙሽ» የማንም ልጅ ስም ነው። «ጋሼ»ም እንዲሁ፤ ልጅ አባቱን ሰው ሲጠራው በሰማበት ይጠራዋል። «እታለም» ግን የእናቲቱ የመዝገብ ስም አይደለም፤ አክስቶቹ ቤት ውስጥ እንዲያ ይጠሯት ስለነበር ልጁም «እማዬ» አይላትም፣ «እታለም» ነው የሚላት። አባት በሬዲዮ ያስነገረው የመዝገብ ስሟን ስለነበር ይህች ቃል ሳይታሰብ ሳትታወጅ ቀረች። ካልታወጁት ምልክቶች ብቸኛዋ ናት። አጠራሩ በሸዋም በወሎም የተለመደ ነውና አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ካርዱን ከሳጥኑ አውጥቶ ለብቻው አስቀምጦታል።

የካርዱ ጀርባ «ተዛውሯል» ይላል፤ የፋይል ቁጥር አለው። ፋይሉ በተባለው ቦታ የለም።

ናሙናው

ዘግይቶ የተሠራ ቢሆንም በትክክል የተሠራው ይህ ነው። ከእናት ጉንጭ ውስጥ፣ ምግብ ከበላች ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከቀኝ ሁለት ከግራ ሁለት፣ በንጹሕ የጥጥ ጭራ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ያህል ታሽቶ ተወሰደ። ጥላ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ደረቀ። በወረቀት ፖስታ ታሸገ፤ በላስቲክ ከታሸገ እርጥበቱ ታምቆ ይሻግታል። በማሸጊያው ላይ ቀንና ፊርማ ተደረገ። ሁለቱ ፖስታዎች በሁለት ቦታ ተቀመጡ።

አባት በ1992 አርፏል። የእሱን መስመር ለመያዝ ከአጎት፣ ማለትም ከአባት ወንድም ናሙና ተወሰደ፤ የወንድ መስመር መለያው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ስለሚሄድ ከወንድሙ ጋር አንድ ነው። እህቶች በአማካይ ግማሽ ብቻ ስለሚጋሩ ብቻቸውን አስተማማኝ አይሆኑም፤ እናት እያለች ግን ዋናው ናሙና የእሷ ነው። ለዚህ ነው ወላጅ በሕይወት ባለበት ማንኛውም የቆየ ጉዳይ ላይ ከመዝገብ ፍለጋ፣ ከሽማግሌም በፊት ናሙና የሚቀድመው። የጎደለ መዝገብ ነገ ሊገኝ ይችላል፤ ያረፈች እናት ግን ናሙና አትሰጥም።

ቤተሰቡ ያላደረገው አንድ ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ድምፁ ከጠፋ ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲወስን መጠየቅ ይቻላል። እናት «መቅበር ነው» ብላ እምቢ አለች። ለፍለጋው ምንም የሚጨምረው ስለሌለ ማንም አልገፋትም።

ጉዳዩ አሁን ያለበት

የእናት ናሙና በልጅነታቸው ወደ ውጭ በጉዲፈቻ የሄዱ ሰዎች ዘመድ በሚፈልጉበት የዲኤንኤ ቋት ውስጥ ገብቷል። እስካሁን የተገጣጠመ የለም። ጥቁር የለበሰችው ሴት ማን እንደሆነች አልታወቀም፤ ሹፌሩም እንዲሁ። ሴትዮዋ ልጁን ለሹፌሩ ሰጥታው ይሁን ሹፌሩ መንገድ ላይ ያገኘው ሌላ ልጅ ይሁን፣ ካርዱ አይናገርም።

በዚያ ዘመን የጉዲፈቻ ውል በፍርድ ቤት መጽደቅ ስለነበረበት የፋይሉ ቁጥር ቢጠፋም የውሳኔው ግልባጭ በፍርድ ቤት መዝገብ ሊኖር ይችላል። ከጥር 1979 ጀምሮ ያሉት ጥራዞች በገጽ በገጽ እየተነበቡ ነው። የሚፈለገው የልጁ እውነተኛ ስም ሳይሆን ዕድሜው 4 ወይም 5 የሆነ፣ ወላጁ ያልታወቀ፣ «ማሙሽ» የተባለ ወንድ ልጅ ነው። የ1979 አልቋል። ከ1980 የመጀመሪያው ጥራዝ አልቋል፤ ሁለተኛው ማሰሪያው ስለተበጠሰ ገጾቹ ተቀላቅለዋል፤ አሁን በቀናቸው እየተደረደሩ ነው።